ሥራ የማይሠራው ኃይልና የጁፒተር ቅንጣቶች

በመጀመሪያው ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ሁላችንም ከምንማራቸው ሕጎች አንዱ የማግኔትን ኃይል የሚመለከተው ነው። ቻርጅ የምንለው የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት በማግኔት መስክ ውስጥ ሲሮጥ፣ መስኩ አቅጣጫውን ያስለውጠዋል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርለትም፤ አይቀንስበትምም። በፊዚክስ ቋንቋ የማግኔት ኃይል ሥራ አይሠራም እንላለን። ብዙዎቻችን ይህን ሕግ ለፈተና ያህል እንይዘውና ከፈተናው በኋላ እንሰናበተዋለን።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ሕግ ይዘን አባቶቻችን በሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት መሽተሪ ወዳሉት፣ ዛሬ ጁፒተር ወደምንለው ታላቅ ፈለክ ብንመለከት አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ይገጥመናል። የጁፒተር ዙሪያ በከፍተኛ ጉልበት በሚሮጡ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች የተሞላ ነው። ከኤሌክትሮኖቹም መካከል በብዙ ዐሥር ሚሊዮን ቮልት የተገፉ ያህል የሚፈጥኑ አሉ። እነዚህን ቅንጣቶች ይዞ የሚያኖራቸው የፈለኩ የማግኔት መስክ ነው። የማግኔት መስክ ደግሞ ፍጥነት አይሰጥም ብለናል። ታዲያ ቅንጣቶቹን ማን አስሮጣቸው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ መመርመር ነው። ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወደ ጁፒተር የሚላክ መንኰራኵር ሥራውን ይፈጽማል ወይስ በመንገድ ላይ ይበላሻል የሚለው ነገር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህም ሌላ በበረዶ ሥር የተሰወረ ውቅያኖስ መኖሩን ለማወቅ የተቻለው በዚሁ ሕግና በጓደኞቹ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉን ጠጋ ብለን ስንመለከተው

አንድ ቅንጣት የማግኔቱን መስመር አቋርጦ ሲሮጥ የሚያርፍበት ኃይል የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ ይኸውም የሙሉ መጠን፣ የፍጥነቱና የመስኩ ጥንካሬ ነው። የኃይሉ አቅጣጫ ግን ከሩጫው አቅጣጫም ሆነ ከመስኩ አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ ኃይሉ ቅንጣቱን ከፊት አይስበውም፤ ከኋላም አይገፋውም፤ ዘወትር ከጐኑ ይይዘዋል። እረኛ በወንጭፍ ድንጋይ ሲያሽከረክር ገመዱ ድንጋዩን ወደ መካከል እየጐተተ ክብ እንደሚያስዞረው ሁሉ፣ መስኩም ቅንጣቱን በማግኔቱ መስመር ዙሪያ ያስዞረዋል።

የዚህን ክብ ራዲየስ ለማግኘት የቅንጣቱን መጠነ ቁስ በፍጥነቱ እናበዛና፣ የተገኘውን ለሙልና ለመስኩ ጥንካሬ ብዜት እናካፍላለን። መስኩ ሲጠነክር ክቡ ይጠባል፤ ቅንጣቱ ሲከብድ ወይም ሲፈጥን ክቡ ይሰፋል ማለት ነው።

በመስመሩ ርዝመት አቅጣጫ ግን ቅንጣቱን የሚይዘው የለም። ስለዚህ እየዞረ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መንገዱም ሐረግ በዛፍ ላይ እንደሚጠመጠም ያለ ይሆናል። ወደ ፈለኩ ዋልታ በቀረበ መጠን መስመሮቹ እየተቀራረቡ መስኩ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ የመዞሩ ፍጥነት ይጨምርና ወደ ፊት የመሄዱ ፍጥነት ይቀንሳል። በመጨረሻ ቅንጣቱ ወደ ፊት መሄዱን ያቆምና ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላውም ዋልታ በኩል እንዲሁ ይደርስበታል። በዚህ ላይ መስኩ በፈለኩ በኩል ጠንካራ፣ በውጭው በኩል ደካማ በመሆኑ፣ የቅንጣቱ ክብ በአንድ ወገን የጠበበ በሌላው ወገን የሰፋ ይሆንና ቅንጣቱ በፈለኩ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ኤሌክትሮኖች በአንዱ ወገን፣ ፖዘቲቭ አዮኖች በሌላው ወገን ይዞራሉ። እንግዲህ አንድ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ሦስት እንቅስቃሴ አለው፤ በመስመሩ ዙሪያ ይዞራል፣ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ይመላለሳል፣ በፈለኩም ዙሪያ ይንሸራተታል። ወጥመድ ማለት ይህ ነው። ግድግዳ የለውም፤ ነገር ግን የገባው በቀላሉ አይወጣም።

እንዲህ ያለው ወጥመድ በምድራችንም ዙሪያ አለ። በ1958 ኤክስፕሎረር 1 የተባለችው የአሜሪካ ሰው ሠራሽ ጨረቃ በያዘችው መሣሪያ አማካይነት ጄምስ ቫን አለን ምድርን የከበበውን የጨረር መታጠቂያ አገኙ። በ1957 እና በ1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባም የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ተቋቁሟል። አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተመቸችበት ምክንያት የምድር የማግኔት ወገብ በአቅራቢያዋ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በሰሜን ሀገሮች የማግኔቱ መስመር ወደ መሬት እየዘቀዘቀ ሲገባ፣ በኛ ዘንድ አግድም ሊባል በሚችል ሁኔታ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል። ከደቡብ ዋልታ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚወርደው ቅስት ከፍተኛ ጫፉ የሚገኘው ከማግኔት ወገብ በላይ ስለ ሆነ፣ በቫን አለን መታጠቂያ ውስጥ የሚመላለሱት ቅንጣቶች ከኛ አናት በላይ ያለውን ሰማይ ያቋርጣሉ። ስለ ጁፒተር የምንናገረው ነገር መሠረቱ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ የሚለየው በመጠኑና በጉልበቱ ምንጭ ነው።

ጁፒተር በራዲዮ የተናገረው

የጁፒተር ማግኔትነት የታወቀው መንኰራኵር ሳይደርስበት ነው። በ1955 በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ ሁለት የካርኔጊ ተቋም ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፣ 22.2 ሜጋኸርዝ በሆነ የራዲዮ ሞገድ ሰማይን ሲመረምሩ ሳሉ በመዝገባቸው ላይ በየጊዜው የሚደጋገም ሁከት አዩ። በመጀመሪያ ከሚያልፍ መኪና ካንዴላ የሚነሣ ብልጭታ መሰላቸው። ነገር ግን ሁከቱ እንደ ከዋክብት ሁሉ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ ይመጣ ነበር። የሰው ሥራ በፀሐይ ሰዓት እንጂ በከዋክብት ሰዓት አይሄድም። ይህም ብቻ አይደለም፤ ቦታው በከዋክብት መካከል ቀስ በቀስ ሲዛወር ከጁፒተር ጋር አብሮ ይዛወር ነበር። ከዚህ በኋላ በአውስትራሊያ ሼይን የተባሉት ሊቅ በ1950 እና በ1951 የተመዘገበውን የራዲዮ መዝገብ ገልጠው ቢመለከቱ ያው የጁፒተር ድምፅ ሳይታወቅ ተቀምጦ ተገኘ።

በ1959 ፍራንክ ድሬክና ህቫቱም፣ አጠር ባለ ሞገድ የሚመጣው የጁፒተር ራዲዮ ከፈለኩ ሙቀት ብቻ ሊወጣ እንደማይችል ተረድተው፣ ምንጩ በማግኔት መስክ የታሰሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የብርሃንን ፍጥነት የተጠጋ ኤሌክትሮን በማግኔት መስክ ሲጠመዘዝ የራዲዮ ሞገድ ይረጫልና ነው። በ1960 ራድሃክሪሽናንና ሮበርትስ ባደረጉት ልኬት፣ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ የሚወዛወዝ መሆኑንና ምንጩም ከፈለኩ አካል ወጥቶ በግራና በቀኝ የተዘረጋ መሆኑን አረጋገጡ። እንግዲህ ጁፒተር ማግኔት መሆኑ፣ ቅንጣቶችንም አስሮ የሚያኖር መሆኑ ከምድር ሳይወጡ ታወቀ።

የመስኩ መጠን

ፓዮኒር 10 የተባለው መንኰራኵር በታኅሣሥ 1973 ከጁፒተር ደመና በላይ 130,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አለፈ፤ ፓዮኒር 11 በ1974 ተከተለው። የነዚህና የተከታዮቻቸው ልኬት እንደሚያሳየው፣ የመስኩ ጥንካሬ በፈለኩ ወገብ ላይ 4.2 ጋውስ ያህል ነው። የምድር በወገቧ ላይ ከአንድ ጋውስ ሢሶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በወገብ ላይ ስናስተያያቸው የጁፒተር መስክ 14 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ ቍጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የማግኔቱን ጠቅላላ ብርታት ለማወቅ የወገቡን ጥንካሬ በራዲየሱ ኩብ ማብዛት ያስፈልጋል። የጁፒተር ራዲየስ ከምድር 11.2 እጥፍ ነው፤ የዚህ ኩብ 1,400 ያህል ይሆናል። 14 በ1,400 ሲበዛ ወደ 20,000 ይጠጋል። ስለዚህ ጁፒተር ከምድር 20,000 እጥፍ የበረታ ማግኔት ነው። ዋልታዎቹም ከምድር ጋር ሲነጻጸሩ የተገለበጡ ስለ ሆኑ፣ የኛ ኮምፓስ በዚያ ወደ ደቡብ ያመለክት ነበር።

የማግኔቱ ምንጭ በፈለኩ ውስጥ ነው። ጁፒተር አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው። በሆዱ ውስጥ ግን ጭነቱ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ሃይድሮጅኑ እንደ ቀለጠ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ በሙቀት እየፈላ፣ ፈለኩም በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለሚሽከረከር፣ እንደ ታላቅ ዲናሞ ሆኖ ማግኔቱን ያመነጫል። ከ2016 ጀምሮ ጁኖ የተባለው መንኰራኵር በዋልታዎቹ ላይ እየተመላለሰ ሲለካ፣ መስኩ እንደ ቀላል ዘንግ ማግኔት የተስተካከለ አለመሆኑ ታወቀ። በሰሜኑ ንፍቅ ክበብ እስከ 20 ጋውስ ያህል የሚደርስ ቦታ አለ፤ በወገቡም አጠገብ ታላቁ ሰማያዊ ነጥብ የተባለ ለብቻው የጠነከረ ስፍራ ተገኝቷል። ሰማያዊ መባሉም በካርታው ላይ በተቀባው ቀለም ነው እንጂ ቦታው በዐይን ሲታይ ሰማያዊ ስለ ሆነ አይደለም።

ከፀሐይ ዘወትር የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ ወደ ጁፒተር ሲደርስ ከዚህ ማግኔት ጋር ይጋፋና ዙሪያውን ለቆ ያልፋል። በመካከል የሚቀረውን ስፍራ የጁፒተር የማግኔት ግዛት እንለዋለን። ድንበሩ በፀሐይ በኩል ከ45 እስከ 100 የጁፒተር ራዲየስ ሲርቅ፣ በጀርባው በኩል ያለው ጅራት እስከ ሳተርን ምሕዋር ድረስ ይዘረጋል። ይህ ግዛት በዐይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ርቀን ሳለን ስፋቱ በሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ ሁለት እጥፍ በላይ ይታየን ነበር።

አውድማውና ዳርኛው በሬ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የጁፒተር ማግኔት ከፈለኩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። በመስመሮቹ ላይ የተጠመጠመውም ፕላዝማ፣ ይኸውም የኤሌክትሮንና የአዮን ቅልቅል፣ አብሮ ይጐተታል። በአውድማ ላይ በአንድ ገመድ ተጣምረው እህል የሚያበራዩትን በሬዎች እናስብ። ሁሉም አንዱን ዙር በእኩል ጊዜ ይጨርሳሉ፤ ነገር ግን የመካከሉ በሬ ቀስ ሲል ዳርኛው መሮጥ አለበት። በጁፒተርም እንዲሁ ነው፤ ፕላዝማው ከፈለኩ በራቀ መጠን በ10 ሰዓት ያህል ዙሩን ለመፈጸም ይበልጥ መፍጠን ግዴታው ይሆናል።

በዚህ አውድማ ውስጥ ኢዮ የምትባል ጨረቃ ትገኛለች። ከጁፒተር መካከል 421,700 ኪሎ ሜትር ርቃ በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ስትዞር ፍጥነቷ በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ርቀት ከማግኔቱ ጋር የሚዞረው ፕላዝማ ግን በሴኮንድ 74 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ስለዚህ ፕላዝማው ኢዮን ከኋላዋ እየደረሰባት በሴኮንድ 57 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያልፋታል።

ኢዮ ዝም ብላ የምትታለፍ ጨረቃ ብትሆን ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በመጋቢት 1979 ቮያጀር 1 በአጠገቧ ባለፈ ጊዜ የሚነድ እሳተ ገሞራ እንዳላት ታየ። ከዚህች ጨረቃ በየሴኮንዱ አንድ ቶን ያህል ድኝና ኦክሲጅን ወደ ጠፈር ይወጣል። ይህ ጋዝ ሙል የሌለው እስከ ሆነ ድረስ ማግኔቱ አይነካውም። በሚሮጡት ቅንጣቶች ተመትቶ ኤሌክትሮን ባጣ ጊዜ ግን አዮን ይሆናል፤ ያንጊዜ ማግኔቱ ይይዘዋል።

አንድ የድኝ አዮን ምን እንደሚደርስበት እናስላ። በኢዮ ዘንድ ርቀቱ 5.9 የጁፒተር ራዲየስ ነው። የ5.9 ኩብ 205 ስለ ሆነ፣ 4.2 ጋውስን ለ205 ስናካፍል 0.02 ጋውስ ያህል እናገኛለን። የድኝ አቶም ከፕሮቶን 32 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ፍጥነቱን በሴኮንድ 57 ኪሎ ሜትር አድርገን ከላይ በተናገርነው ደንብ ብናሰላ፣ የአዮኑ ክብ ራዲየስ 9.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የኢዮ ስፋት 3,600 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስናስብ ይህ እጅግ ጠባብ ክብ ነው። ስለዚህ አዮኑ እንደ ተወለደ ወዲያው ይታሰራል። የሚያገኘውም ጉልበት በ540 ቮልት የተገፋ ያህል ነው።

የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይጀምራል። የሚንቀሳቀስ የማግኔት መስክ፣ በስፍራው ቆሞ ለሚመለከተው ቅንጣት፣ የኤሌክትሪክ መስክም ሆኖ ይታያል። የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ሥራ ይሠራል። አዮኑን የገፋው ይህ ነው። ጉልበቱ የመጣው ከራሱ ከጁፒተር መሽከርከር ነው። የማግኔት መስክ እንደ ወፍጮ ቤት ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከራሱ ጉልበት አያመነጭም፤ የሞተሩን ጉልበት ለድንጋዩ ያደርሳል እንጂ። ሞተሩ ጁፒተር ነው፤ ድንጋዩ የኢዮ ፕላዝማ ነው። አዮኖች በያዛቸው ቍጥር ፈለኩ ከመሽከርከሩ ጥቂት ይቀነስበታል፤ ነገር ግን ጁፒተር ታላቅ ስለ ሆነ በሺህ ሚሊዮን ዓመታት እንኳ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይታይበትም። የምድር የማግኔት ግዛት ጉልበቱን በብዛት የሚያገኘው ከፀሐይ ነፋስ ሲሆን፣ የጁፒተር ግን በብዛት ከራሱ መሽከርከር ነው። ዋናው ልዩነታቸው ይህ ነው።

ኢዮ ራሷም ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች። ፕላዝማው በሴኮንድ 57 ኪሎ ሜትር በ0.02 ጋውስ ውስጥ ሲያልፋት፣ በስፋቷ ላይ 400,000 ቮልት ያህል ይፈጠራል። ይህም ፍጥነቱን በመስኩና በስፋቷ በማብዛት የሚገኝ ነው። ከዚህ የሚነሣው በሚሊዮን አምፔር የሚቈጠር ጅረት በማግኔቱ መስመር ወርዶ የጁፒተርን አየር ይመታል፤ በዋልታው አጠገብም የኢዮ ዱካ የሚባል የሚያበራ ነጥብ ያኖራል። በ1964 ቢግ የተባሉት ሊቅ የጁፒተር የራዲዮ ጩኸት ኢዮ ባለችበት አቅጣጫ እንደሚወሰን ሲገልጹ ምክንያቱ ለብዙዎች እንቈቅልሽ ነበር። በ1969 ጎልድራይክና ሊንደን ቤል ይህን የኤሌክትሪክ ጅረት በመጠቀም ነገሩን አስረዱ። በጁፒተር ዋልታዎች ያለው ታላቁ የብርሃን ቀለበትም ዘወትር የሚበራ ነው፤ ከአውድማው ዳር የሚዘገየውን ፕላዝማ ለመጐተት የሚመጣው ጅረት ያበራዋል።

ከ540 ቮልት ወደ ሚሊዮኖች

አንድ አንባቢ ይህ መልስ ግማሽ ነው ቢለን ትክክል ነው። 540 ቮልትና ብዙ ዐሥር ሚሊዮን ቮልት አይገናኙም። የቀረውን የሚያስረዳን ሌላው የመጀመሪያ ዓመት ሕግ፣ የፋራዴይ ሕግ ነው። ከባዱ የኢዮ ፕላዝማ በመሽከርከሩ የተነሣ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወረወራል። በለቀቀው ቦታ ከሩቅ ያሉ፣ ቍጥራቸው ጥቂት ጉልበታቸው ግን ብዙ የሆነ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ውስጥ በገቡ መጠን መስኩ ይጠነክርባቸዋል። ለቅንጣቱ መስኩ እየተለወጠ ነውና፣ የሚለወጥ መስክ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስክ ይወልዳልና፣ የመዞሩ ጉልበት ከመስኩ ጋር በአንድ ልክ ያድጋል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ መስኩ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የብርሃንን ፍጥነት ያልተጠጋ ቅንጣትም የመዞር ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ርቀቱ እንደገና በግማሽ ቢቀንስ 64 እጥፍ ይደርሳል። በፕላዝማው ውስጥ የሚነሡ ሞገዶችም ኤሌክትሮኖችን ይበልጥ ያጣድፋሉ። በዚህ ሁሉ ግን ሕጋችን አልተሻረም። ሥራ የሠራው የኤሌክትሪክ መስክ ነው፤ ማግኔቱ አስሮ ያዘ፣ መራ፣ አስተላለፈ።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ዋጋ ይከፍላል

በ1973 ፓዮኒር 10 ባለፈ ጊዜ የተቀበለው ጨረር ሰውን ለመግደል ከሚበቃው በብዙ መቶ እጅ የበለጠ ነበር። ጨረሩ በመሣሪያው ውስጥ የሐሰት ትእዛዝ እየፈጠረ የኢዮን ፎቶግራፎች አብዛኞቹን አሳጣ። ዩሮፓ በምትባለው ጨረቃ ላይ ያለ መከላከያ የቆመ ሰው በአንድ ቀን 540 ሬም ያህል ይቀበላል ተብሎ ይገመታል፤ ይህም ለሞት የሚያበቃ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተላኩት መንኰራኵሮች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ፍርሃት ውስጥ ነው። የጁኖ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የቲታኒየም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ መንገዱም በፈለኩና በጨረሩ መታጠቂያ መካከል ሾልኮ እንዲያልፍ ተደርጐ የተቀየሰ ነው። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለው መንኰራኵር ሊነሣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ2024፣ በውስጡ ካሉት ትራንዚስተሮች አንዳንዶቹ ከታሰበው ባነሰ ጨረር ሊበላሹ እንደሚችሉ ተሰማ። መንኰራኵሩ ተሠርቶ አልቆ ነበርና ነገሩ እጅግ አስጨናቂ ነበር። በተደረገው ምርመራ፣ ትራንዚስተሮቹ ከጨረሩ በሚርቁበት ጊዜ ከፊል ጉዳታቸው በሙቀት እንደሚሽር ታወቀ። ክሊፐር ዩሮፓን የሚዞር ሳይሆን በጁፒተር ዙሪያ በሰፊው እየዞረ 49 ጊዜ ወደ ዩሮፓ ብቅ ብሎ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ በየመካከሉ የማረፊያ ጊዜ አለው። ስለዚህ ጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሣ፤ በ2030 ጁፒተር ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ማግኔቱ የገለጠው ውቅያኖስ

ይህን ያህል አደጋ ባለበት ቦታ ለመሄድ የሚያስደፍረው ምንድን ነው? መልሱን የሰጠው ያው ማግኔት ነው። የጁፒተር የማግኔት ዛቢያ ከመሽከርከሪያ ዛቢያው 10 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ስለዚህ በዩሮፓ ላይ ሆኖ ለሚመለከት፣ መስኩ በ11 ሰዓት ከሩብ ያህል አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ መስክ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ጅረት ያስነሣል፤ ጅረቱም የራሱን ተቃራኒ መስክ ያወጣል። ይህ የፋራዴይና የሌንዝ ሕግ ነው።

ከ1995 እስከ 2003 በጁፒተር ዙሪያ የዞረው ጋሊሌዮ የተባለው መንኰራኵር በዩሮፓ አጠገብ ሲያልፍ ከጨረቃዋ የሚወጣ ደካማ መስክ ለካ። ይህ መስክ በሆዷ ካለ ቋሚ ማግኔት የመጣ ነው ወይስ በጁፒተር መወዛወዝ የተነሣ ነው? ማርጋሬት ኪቨልሰንና ጓደኞቻቸው የመለያውን ፈተና አገኙ። ቋሚ ማግኔት ከሆነ የጁፒተር መስክ ቢገለበጥም የዩሮፓ አይገለበጥም፤ በጅረት የተነሣ ከሆነ ግን አብሮ መገለበጥ አለበት። ጋሊሌዮ በጥር 2000 የጁፒተር መስክ በተገለበጠበት ሰዓት በዩሮፓ አጠገብ አለፈ። የዩሮፓም መስክ ተገልብጦ ተገኘ። ጠንካራ በረዶ ይህን ያህል ጅረት አያስተላልፍም፤ ጨዋማ ውሃ ግን ያስተላልፋል። ከበረዶው ቅርፊት ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ አለ ለሚለው አሳብ እስካሁን ካሉት ብርቱ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ውሃ ባለበት ሕይወት ሊኖር ይችላል የሚለውን ተስፋ የሚመረምረውም ክሊፐር የማግኔት መለኪያ ይዞ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በጁፒተር ዘንድ መንገዱንና መሰናክሉን የሠራው አንድ ነገር ነው። ውቅያኖሱን ያሳየን ማግኔት፣ መሣሪያውን የሚያበላሹትን ቅንጣቶች የሚያስራቸውም ማግኔት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅና አንዱን ለመጠቀም ሌላውን ለማምለጥ የሚያስፈልገው ትምህርት በአብዛኛው በመጀመሪያ ዓመት መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ሕጉን በቃል የያዘ ፈተናውን ያልፋል፤ ሕጉ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ የጠየቀ ግን ጁፒተር ድረስ ይሄድበታል።

ለሚፈልግ አንባቢ አንድ መልመጃ እንተዋለን። ዩሮፓ ከጁፒተር መካከል 671,000 ኪሎ ሜትር ርቃ በሴኮንድ 13.7 ኪሎ ሜትር ትዞራለች። ፕላዝማው ከፈለኩ ጋር አብሮ ሙሉ በሙሉ ይዞራል ብለን ብንወስድ ዩሮፓን በምን ያህል ፍጥነት ያልፋታል? አንድ የኦክሲጅን አዮንስ በዚያ ቢወለድ የክቡ ራዲየስ ምን ያህል ይሆናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ በሴኮንድ 104 ኪሎ ሜትር ያህል የሚል መልስ ያገኘ ሒሳቡን አልሳተም፤ ሁለተኛውን ከጓደኞቹ ጋር ይሞክረው።